ከምንጩ የቀዳ ያጣራ
በጀሞ ለወጣት የሶፍትዌር ባለሙያዎችና ለነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



ጀሞ ውስጥ ስለ ቁልፍ መናገር አይከብድም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን በተረከበ ማግስት ምን እንዳደረገ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቀለም ከመቀባቱ፣ ሴራሚክ ከማንጠፉ በፊት የበሩን ቁልፍ ቀየረ። የቀየረው የቁልፉ ቅጂ በማን ኪስ እንዳለ ስላላወቀ ነው። ጎረቤቱም ከዚያው ሱቅ ያንኑ ዓይነት ቁልፍ ገዝቶ ገጥሟል። ሁለቱም አሠራሩን ያውቁታል፤ አንዱ ግን የሌላውን በር መክፈት አይችልም።

የምስጠራ ሳይንስ ትልቁ ሕግ ይኸው ነው። ኦጉስት ኬርክሆፍስ የተባለ የኔዘርላንድ ተወላጅ የቋንቋ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1883 አስፍሮታል፤ ዘዴው በጠላት እጅ ቢወድቅ እንኳ ጉዳት አይኑረው፣ ምስጢር መሆን ያለበት ቁልፉ ብቻ ይሁን አለ። ስለዚህ የባንክ ሒሳባችንን የሚጠብቀው ኮድ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው ሲባል አትደንግጡ። ክፍት መሆኑ ድክመቱን ብዙ ሰው እንዲፈትሽ ዕድል ይሰጣል።

ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ሙያዊ ሥራ ነው፤ የክፍት ምንጭ የምስጠራ (ክሪፕቶግራፊ) ላይብረሪን ሶርስ ኮድ አውርዶ፣ በራስ ኮምፒውተር ላይ ኮምፓይል አድርጎ ስለ መጫን። ሙያው ላልሆነ ሰው ላይብረሪ ማለት ፕሮግራመሮች እንደገና ከመጻፍ ይልቅ የሚገለገሉበት የተዘጋጀ የኮድ ስብስብ ነው። ኮምፓይል ማድረግ ደግሞ ሰው የሚያነበውን ጽሑፍ፣ ሶርስ ኮዱን፣ ማሽን ወደሚያስኬደው ፋይል መለወጥ ነው። ትእዛዞቹ አራት ወይም አምስት ናቸው፤ ማንም በአንድ ከሰዓት ይለምዳቸዋል። ዲስኩር የሚያስፈልገው በየእርምጃው መካከል ላለው ጥያቄ ነው፤ ይህን ፋይል ለምን አምናለሁ?

ጥያቄው የእኛም ጥያቄ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ገንዘባችን ስልካችን ውስጥ ገብቷል። የፋይዳ መታወቂያ የተገነባው ሞሲፕ በተባለ፣ መነሻው ሕንድ ባንጋሎር ከሚገኝ የትምህርት ተቋም በሆነ የክፍት ምንጭ ሥርዓት ላይ ነው። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ወጥቷል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ተከትሎታል። ሕጉም ገንዘቡም መታወቂያውም ምስጠራ ላይ ቆሟል።

ሶፍትዌር ወደ እጃችን የሚገባበትን መንገድ ደግሞ እዩት። ኮምፒውተር ቤት ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ ይጭንልናል። ሞባይል ቤት ስልኩን ፍላሽ ያደርግልናል። አፕሊኬሽን ዜንደር በተባለው ፋይል ማስተላለፊያ እንቀባበላለን፤ የመጫኛ ፋይል ከቴሌግራም ግሩፕ እናወርዳለን። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገድበው በነበረ ጊዜ ስንቱ ሰው ማን እንደሠራው የማያውቀውን ቪፒኤን ጭኖ መልእክቱን በሙሉ በዚያ አሳለፈ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኛ ግን በራችን ላይ የጠረጠርነውን ያህል ስልካችን ላይ አልጠረጠርንም።

ወደ ኋላ፣ ወደ 2006 ዓ.ም. ልውሰዳችሁ። በሦስት ተከታታይ ወራት ሦስት ነገሮች ሆኑ፤ ሦስቱም የዛሬውን ጉዳይ ይነካሉ።

በየካቲት፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ አንድ ጥናት አወጣ። አሜሪካና ቤልጂየም በሚገኙ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች ላይ፣ ለመንግሥታት ብቻ እሸጣለሁ ይል የነበረው ሃኪንግ ቲም የተባለ የጣሊያን ኩባንያ የሠራው የስለላ ሶፍትዌር ተሞክሮባቸው ነበር። የመጣው ሰነድ መስሎ፣ በስካይፕ በተላከ ፋይል ነው። ምስጠራ መልእክቱን በመንገድ ላይ ይጠብቃል፤ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ ከተያዘ ግን መልእክቱ ሳይመሰጠር በፊት ይነበባል። የማታውቁትን ፋይል መክፈት የዓለምን ምርጥ የምስጠራ ስሌት ዋጋ ያሳጣል።

በመጋቢት፣ ኦፕንኤስኤስኤል በተባለው፣ የኢንተርኔት አገልጋዮች እጅግ በብዛት በሚጠቀሙበት የክሪፕቶግራፊ ላይብረሪ ውስጥ ሃርትብሊድ የተባለው ስሕተት ይፋ ሆነ። ስሕተቱ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2012 በወጣው ቅጂ የገባ ነው። አንድ ኮምፒውተር ለሌላው «አለህ?» እያለ የሚልከው አጭር መልእክት አለ፤ ላኪው የመልእክቱን ርዝመት ዋሽቶ ቢናገር ተቀባዩ ሳያረጋግጥ እስከ 64 ኪሎባይት የሚደርስ የራሱን ማኅደረ ትውስታ ቆርሶ ይሰጠው ነበር። በዚያ ቁራሽ ውስጥ የይለፍ ቃልም ምስጢራዊ ቁልፍም ሊኖር ይችላል። ግማሽ ሚሊዮን ያህል አገልጋዮች ተጋልጠዋል ተባለ። ኮዱ ከሁለት ዓመት በላይ ለሁሉም ክፍት ነበር። ክፍት መሆኑ እንዲነበብ ይፈቅዳል እንጂ መነበቡን አያረጋግጥም። ኦፕንቢኤስዲ የተባለው ሥርዓተ ክወና ባለሙያዎች ኮዱን ወስደው ሊብረኤስኤስኤል የተባለ አዲስ ቅርንጫፍ አበጁ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ከ90,000 በላይ መስመር ጠርበው ጣሉ። ከጥቂት ወራት በኋላም በሊኑክስና በሌሎች ሥርዓቶች ላይ የሚሠራውን ቅጂ አወጡ።

በሚያዝያ፣ የዞን ዘጠኝ ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። በክሱ ውስጥ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ ሴኪዩሪቲ ኢን ኤ ቦክስ የተባለውን፣ ማንም በነጻ የሚያገኘውን የዲጂታል ደኅንነት መመሪያ ሠልጥነውበታል የሚል ነበር። ከእነርሱ ለአምስቱ ክሱ በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ተቋረጠ፤ የቀሩትንም ፍርድ ቤቱ ጥቅምት 5 ቀን 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ አላቸው። የባንክን ገንዘብ የሚጠብቀው ስሌትና የጋዜጠኛን ምንጭ የሚጠብቀው ስሌት አንድ ነው። አንዱን አስፈላጊ፣ ሌላውን አጠራጣሪ ብሎ መለየት የሚችል ሒሳብ የለም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ለምሳሌ የመረጥኩት ሊብሶዲየም የተባለውን ላይብረሪ ነው። መሠረቱ ዳንኤል በርንስታይን፣ ታንያ ላንገና ፒተር ሽዋቤ የሠሩት ናክል የተባለ ላይብረሪ ነው። ናክል በስሌቱ የተመሰገነ፣ በአጫጫኑ ግን የሚያስቸግር ነበር። ፍራንክ ዴኒስ እ.ኤ.አ. በ2013 ያንኑ ስሌት ይዞ በሊኑክስ፣ በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በአንድሮይድ ላይ ሊገነባ የሚችል አድርጎ አወጣው። ነጻ ነው፤ ለንግድም ለትምህርትም ይፈቀዳል። የታሸገው ሶርስ ኮድ 2 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ የሞባይል ዳታ ገዝቶ ለሚሠራ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የመጀመሪያው እርምጃ ማውረድ ሳይሆን ካወረዱ በኋላ ማረጋገጥ ነው። ከታሸገው ፋይል ጋር አንድ ትንሽ የፊርማ ፋይል አብሮ ይወጣል። ፊርማውን ሚኒሳይን በተባለች መሣሪያ፣ ለማረጋገጫ ለሁሉም ከሚሰጠው የአዘጋጁ ይፋዊ ቁልፍ ጋር ታስተያዩታላችሁ። ከፋይሉ ውስጥ አንዲት ፊደል እንኳ ብትነካ ማረጋገጫው እምቢ ይላል። ይፋዊ ቁልፉ 56 ፊደልና ቁጥር ያለው አንድ መስመር ነው፤ ወረቀት ላይ ይጻፋል፣ በስልክ ይነበባል። ዋናው ነገር ቁልፉንና ፋይሉን ከአንድ እጅ አለመቀበል ነው። ፋይሉን የለወጠ ሰው ቁልፉንም አብሮ ሊለውጥ ይችላልና።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ለእኛ ኑሮ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ኢንተርኔት የሚቋረጥበት፣ ዳታ የሚወደድበት አገር ውስጥ ሶፍትዌር በፍላሽ መቀባበል ነውር አይደለም። ጉዳቱ ሳያረጋግጡ መቀባበሉ ነው። ፊርማው ከፋይሉ ጋር ከሄደ ፋይሉ በማንኛውም ፍላሽ፣ በማንኛውም ኮምፒውተር ቤት፣ በዜንደርም ቢያልፍ ግድ የለም። ከጀሞ አንድ እስከ ጀሞ ሦስት በአሥር እጅ የተላለፈ ፋይል የመጨረሻው ተቀባይ በራሱ ኮምፒውተር፣ ያለ ኢንተርኔት፣ አዘጋጁ ከላከው ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጣል። ያቀበለውን ሰው ማመን አይጠበቅበትም፤ መጠርጠርም አይጠበቅበትም። ወዳጅነትና ማረጋገጫ ለየብቻ ይቀመጣሉ።

ፊርማ ግን ሁሉንም አይመልስም። መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም. አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ያወጣው ማስጠንቀቂያ ዓለምን አስደነገጠ። ወደ ኮምፒውተሩ ከርቀት ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ከንክኖት ምክንያቱን ሲፈልግ፣ ኤክስዚ በተባለው ፋይል ማመቂያ ውስጥ የተደበቀ የጓሮ በር አገኘ። ጂያ ታን በሚል ስም የሚሠራ ሰው ከሁለት ዓመት በላይ በቅን ሠራተኛነት አምነውት ኃላፊነት ከተሰጠው በኋላ ያስገባው ነበር። ልብ በሉ፤ ተንኮሉን የሚቀሰቅሰው ቁልፍ መስመር ሁሉም በሚያየው የኮዱ ማኅደር ውስጥ አልነበረም። የነበረው ለማውረድ በተዘጋጀው የታሸገ ፋይል ውስጥ፣ በግንባታው ስክሪፕት ነው። ኮምፓይል ሲደረግ ብቻ ይነቃል። የታሸገው ፋይል ከማኅደሩ ጋር አንድ መሆኑን ማወዳደር ሥራችን የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። አዲስ ቅጂ በወጣ ዕለት ለደንበኛ ሥራ ከመጫን ጥቂት ታግሶ ሌሎች ምን እንዳገኙ ማየትም አይከፋም፤ አስቸኳይ የደኅንነት ጥገና ካልሆነ በቀር።

ሁለተኛው እርምጃ ኮንፊገር የሚባለውን ስክሪፕት ማስኬድ ነው። ስክሪፕቱ ማሽኑን ይመረምራል፤ ኮምፓይለር አለ ወይ፣ ፕሮሰሰሩ ምን ዓይነት ነው፣ የትኛው ፈጣን መንገድ ይቻላል እያለ ይጠይቃል። ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እዚህ ነው። ኡቡንቱ ላይ ቢልድ ኢሴንሻል የተባለው ጥቅል ካልተጫነ ኮምፓይለር ስለማይገኝ ስክሪፕቱ ያቆማል። መልእክቱ እንግሊዝኛ ስለሆነ ልጆቻችን ደንግጠው ይዘጉታል። አትዝጉት። የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብቡ፤ የጎደለውን በስሙ ይነግራችኋል።

ሦስተኛው ሜክ ነው፤ ግንባታው ራሱ። በተለመደ ላፕቶፕ ደቂቃዎችን ይወስዳል፤ ግንባታው ቢቋረጥም ትእዛዙ ሲደገም ያለቀውን ክፍል ትቶ ከቆመበት ይቀጥላል። በዚህ እርምጃ አንድ ክልከላ አለኝ፤ ኮዱን «ለማሻሻል» አትነካኩት። ደቢያን የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ መፈተሻ መሣሪያ ማስጠንቀቂያ ስላሰማ ከኦፕንኤስኤስኤል ውስጥ አጭር ኮድ አወጡ። የወጣው ኮድ ለቁልፍ መፍጠሪያ የሚያስፈልገውን ዘፈቀዳዊነት የሚመግብ ነበር። ሉቺያኖ ቤሎ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2008 እስኪደርስበት ድረስ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ በእነዚያ ማሽኖች የተፈጠሩ ቁልፎች ለአንድ ዓይነት ቁልፍ ከ32,768 ምርጫ አይበልጡም ነበር። ይህን ያህል ምርጫ ደግሞ ኮምፒውተር ቁጭ ብሎ በአጭር ጊዜ ይሞክረዋል። ፕሮግራሙ ሁልጊዜ በትክክል የሚሠራ ይመስል ነበር፤ ብልሽቱ ለዓይን አይታይም ነበር። በክሪፕቶግራፊ ሥራ ትልቁ አደጋ ይህ ነው፤ የተበላሸው ነገር ጤነኛ ይመስላል።

ኮምፓይለሩንስ ማን አረጋገጠው? ኬን ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1984 በታተመው የቱሪንግ ሽልማት ንግግሩ፣ ኮምፓይለር በሶርስ ኮዱ ላይ ምንም ምልክት ሳይተው የጓሮ በር ሊያስገባ እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ ከምንጭ የገነባ ሰው ማንንም አላመነም ማለት አይቻልም። ኮምፓይለሩን፣ ፕሮሰሰሩን፣ የአዘጋጁን ፊርማ አምኗል። ያተረፈው ነገር ግን አለ፤ ያመናቸውን በስም መቁጠር ይችላል። ኮምፒውተር ቤት ያስጫነ ሰው ግን ማንን እንዳመነ ቢጠየቅ መልስ የለውም።

አራተኛው ሜክ ቼክ ነው። ላይብረሪው አብረውት የሚመጡትን ፈተናዎች ያስኬዳል፤ መልሳቸው አስቀድሞ የታወቀ ስሌቶችን ሠርቶ ውጤቱን ያወዳድራል። ብዙ ሰው ጊዜ ለመቆጠብ ይዘለዋል። የቆየ ማሽን፣ ያረጀ ኮምፓይለር ላላቸው ለእኛ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ይህ ነው። አንድ ፈተና ቢወድቅ አትጫኑ። ዘጠና ዘጠኙ አለፈ ብሎ የሚጽናና የምስጠራ ባለሙያ የለም።

አምስተኛው በአስተዳዳሪ ፈቃድ ሜክ ኢንስቶል ማለት ነው። ላይብረሪው ሌላ ቦታ ካላዘዛችሁት ዩኤስአር ሎካል በተባለው ማውጫ ሥር ይቀመጣል። ሊኑክስ ላይ ኤልዲኮንፊግ የምትባለውን ትእዛዝ ካልሰጣችሁ ሥርዓቱ አዲሱን ላይብረሪ ላያየው ይችላል። ከሥርዓተ ክወናው ጋር የመጣ አሮጌ ቅጂ በሌላ ማውጫ ካለ ደግሞ ፕሮግራማችሁ ሳታውቁት እሱን ሊጠቀም ይችላል። አዲስ ጫንኩ ብሎ በአሮጌው የሚሠራ ፕሮግራመር ብዙ ነው። ፕሮግራሙ የትኛውን ቅጂ እንደያዘ ራሱን አስጠይቁት፤ ላይብረሪው የቅጂ ቁጥሩን የሚናገር ፈንክሽን አለው።

ከተጫነ በኋላ ስለ አጠቃቀሙ አንድ የእኛ የሆነ ጉዳይ ላንሳ፤ የአማርኛ የይለፍ ቃል። ተጠቃሚያችሁ በፊደሉ የይለፍ ቃል የመጻፍ መብት አለው። በተለመደው ዩቲኤፍ ስምንት አጻጻፍ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። እስከ ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሠራበት ቢክሪፕት የተባለው ዘዴ የሚቀበለው 72 ባይት ብቻ ነው፤ ማለትም 24 ፊደል። ከዚያ በላይ ያለውን በብዙ አሠራሮች ዝም ብሎ ይቆርጠዋል። ረጅም ዐረፍተ ነገር የጻፈ ተጠቃሚ መጨረሻውን ቢሳሳትም ይገባል፤ አጥቂውም እንዲሁ። ሊብሶዲየም የሚጠቀምበት አርጎንቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የይለፍ ቃል ጥበቃ ውድድርን ያሸነፈው ዘዴ፣ ይህ ችግር የለበትም።

ድምፃቸው አንድ የሆኑት ፊደሎቻችንም አሉ። ለጆሯችን ሰ እና ሠ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ጸ እና ፀ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ፍጹም የተለያዩ ናቸው። በንጉሡ ሠ የተመዘገበ ሰው በእሳቱ ሰ ቢሞክር በሩ አይከፈትለትም። የተፈረመ ሰነድ ላይ አንዱን ፀ በጸ ያረመ አራሚ ፊርማውን ያፈርሰዋል። ፕሮግራመሩ ፊደሎቹን ወደ አንድ ያጠቃልል ወይስ እንዳሉ ይተው የሚለውን የመጀመሪያው ተጠቃሚ ከመመዝገቡ በፊት መወሰን አለበት፤ በአርጎንቱ የተቀመጠ የይለፍ ቃል ወደ ኋላ ተመልሶ አይነበብምና በኋላ ማረም አስቸጋሪ ነው። የይለፍ ቃልን አጠቃልሉ፣ የተፈረመ ሰነድን ግን ፈጽሞ አትንኩ እላለሁ። ይህን ውሳኔ ፈረንጅ አይወስንልንም፤ ችግሩ መኖሩንም አያውቅም።

እንግዲህ ሁሉም ሰው ከምንጭ ይገንባ ማለቴ ነው? አይደለም። ከሥርዓተ ክወናው የጥቅል ማከማቻ የሚመጣ ላይብረሪ የደኅንነት ጥገና ሲወጣ ከሥርዓቱ ዝማኔ ጋር አብሮ ይታደሳል። በእጃችሁ የገነባችሁትን ግን ማንም አያድስላችሁም፤ ማስታወቂያውን የምትከታተሉ፣ እንደገና የምታወርዱ፣ የምታረጋግጡ፣ የምትፈትሹ እናንተው ናችሁ። ያንን የማትችሉ ከሆነ በማከማቻው ተጠቀሙ፤ ሐፍረት የለውም። አዲስ ቅጂ የግድ ካስፈለጋችሁ፣ ለተለየ ማሽን ከሠራችሁ፣ ወይም ሥራውን መማር ከፈለጋችሁ ግን ገንቡ። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ የራሳችሁን የምስጠራ ዘዴ አትፍጠሩ። የፈጠረው ሰው መስበር ያቃተው ምስጠራ ሁሉ ጠንካራ አይደለም።

ወላጆች፤ ልጆቻችሁ ጥቁር ስክሪን ላይ ፍጥጥ ብለው ሲያመሹ ጊዜ እያባከኑ ላይሆን ይችላል። ስልካችሁ ላይ አፕሊኬሽን የሚጭንላችሁን ሰው ግን «ይህ ከየት መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌለው አታስጭኑ።

ወጣቶች፤ ከእናንተ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንድ ላይብረሪ አውርዳችሁ ፊርማውን አረጋግጡ። ገንብታችሁ ፈተናውን ሳትዘሉ አስኬዱ። ያደረጋችሁትን ደግሞ በአማርኛ ጻፉት፤ የሚቀጥለው ልጅ የስሕተት መልእክት ሲያይ ደንግጦ እንዳይዘጋ። የሠፈራችን ገንዘብ፣ መታወቂያና ወሬ በሙሉ በኮድ ላይ ባለፈበት ዘመን፣ ሳያጣሩ መጫን የቤትን ቁልፍ ለማይታወቅ ሰው መስጠት ነው።